ቆሞ የደረቀ ግራር

አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ይሄዳል። ፍላሚንጎ፣ ፔሊካን፣ በሻላ ዳር የሚጨሰው ፍል ውሃ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በሩ ላይ የደረሰ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፍላሚንጎዎቹ የት ጋ ናቸው?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም። ፓርኩ የተቋቋመበት ዋና ምክንያትም የውሃ ወፎቹ ናቸው። ከ887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋቱ ግማሽ ያህሉ ሐይቅ ነው።

እኔ ግን ልጽፍላችሁ የፈለግሁት በመኪና መስኮት እየታየ ስለሚታለፈው ግራር ነው። ከግራሩም መካከል ሰው ሁሉ «ይኼ እንኳ ሞቷል» ብሎ ስለሚያልፈው፣ ወይም ሞቷል ብሎ ስለሚቆርጠው ዛፍ። ቆሞ ስለደረቀው።

ወፍ ማየት የጀመርኩት እንደብዙው ሰው ቀለም ስቦኝ ነው። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ከእግር ሥር የማይጠፋ ስታርሊንግ አለ። ጀርባው የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ፣ ሆዱ ቡናማ ቀይ፣ በመሃል ቀጭን ነጭ መቀነት። አስጎብኚዎቹ ሱፐርብ ስታርሊንግ ይሉታል። ሰው አይፈራም። ዘመዱ ሩፔልስ ስታርሊንግ ደግሞ ጭራው ረዥም፣ መላ አካሉ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ነው። ሁለቱ አንድ ሜዳ ላይ አብረው ሲለቅሙ ታገኟቸዋላችሁ። ለእንቁላል ሲሆን ግን መንገዳቸው ይለያያል። ሱፐርቡ አብዛኛውን ጊዜ በእሾህ መሃል የሣር ጎጆ ይሠራል። ሩፔልሱ የዛፍ ቀዳዳ ይፈልጋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ጥያቄዬ ተቀየረ። ስሙ ምንድን ነው ከማለት ይልቅ ማታ የት ያድራል፣ እንቁላሉን የት ይጥላል ማለት ጀመርኩ። ዛፉንም በዚያ ዓይን ነው የማየው።

በፓርኩ ውስጥ ግራር አንድ ዓይነት አይደለም። አናቱ ጠፍጣፋ የሆነውንና የስምጥ ሸለቆ ፎቶ ሁሉ ላይ የሚወጣውን የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ ተደቻ ይለዋል። ዋጩ የሚባለው አለ። ገርቢም አለ፤ ይኼ ደግሞ ከሁሉም ተቃራኒ ነው። በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ጥላና ቅጠል ይሰጣል። በመካከላቸው በደኖ አለ፣ ቁጥቋጦ አለ፣ ዝናብ ሲመጣ ሣር አለ። ከ400 በላይ የወፍ ዝርያ በዚህ ፓርክ ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ ወፍ ሐይቁ ብቻውን አያኖረውም።

እሾሁ ራሱ ብዙ ሥራ ይሠራል። ነጭ ቅንድቧ ከሩቅ የሚለይ ድንቢጥ መሰል ሸማኔ ወፍ አለች። በቡድን ነው የምትኖረው። ጎጆዎቿ የደረቀ ሣር እፍኝ እፍኝ ሆነው ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላሉ። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ከዛፉ በአንድ ወገን ይበዛሉ። ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ማለት ነው። ፊስካል የሚባለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ደግሞ እሾሁን ለጓዳ ይጠቀምበታል። ፌንጣውን፣ ትንሿን እንሽላሊት እሾህ ላይ ይሰካና በኋላ ተመልሶ ይበላል። ግራር ላይ የተሰካ ፌንጣ ካያችሁ የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ።

ተቀጽላም አለ። ብዙ ሰው ተቀጽላን የዛፍ በሽታ አድርጎ ያየዋል። ለወፍ ግን ማዕድ ነው። ግንባሯ ቀይ የሆነ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ቲንከርበርድ የምትባል ወፍ አለች። ቀኑን ሙሉ «ቶክ ቶክ ቶክ» ትላለች፤ ድምፅዋ ተሰምቶ እሷ የማትታይ ናት። የተቀጽላውን ፍሬ ትበላለች። ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር የሚያጣብቅ ነው፤ መንቁሯ ላይ ሲቀርባት ቅርንጫፍ ላይ ትጠርገዋለች። እዚያው ይበቅላል። አበባው ሲፈነዳ የአበባ ማር የሚቀስሙት ቀጫጭን ወፎች ይሰለፉበታል። ተቀጽላ ያለበት ግራር ሥር መቆም መቼም አያስቆጭም።

አሁን ወደ ደረቁ ዛፍ ልምጣ።

የግራር እንጨት ጠንካራ ነው። ከሰሉ የሚወደደውም ለዚህ ነው። በደኅና ያለ ግራር ግንድ መቦርቦር ለአብዛኛው ወፍ የሚሞከር አይደለም። ዛፉ ሲያረጅ፣ ወይም ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ሲወድቅ ግን በስብራቱ በኩል ፈንገስ ይገባል። ልቡን ቀስ በቀስ ያለሰልሰዋል። ምስጥም ይከተላል። ውጪው እንደጠነከረ ውስጡ ይለዝባል። ግንደ ቆርቁር የሚፈልገው ይህን ነው። ግንዱን እየነካካ፣ ድምፁን እያዳመጠ ትክክለኛውን ቦታ ያገኛል። ከዚያ በመንቁሩ ይፈለፍላል።

ባርቤት የሚባለው ወፍም እንዲሁ ፈልፋይ ነው። መንቁሩ ወፍራም፣ አንገቱ አጭር፣ የሚወደው ፍራፍሬ፣ በተለይ ሾላ ነው። ከባርቤቶቹ አንዱ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ይገኛል። ሆዱ በነጭና በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረ፣ ግንባሩ ቀይ ነው። የሞተ፣ የለዘበ ቅርንጫፍ ካላገኘ እንቁላል የሚጥልበት የለውም። በዓለም ላይ በሌላ አገር የማይገኝ ወፍ እዚህ በአንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

እነዚህ ፈልፋዮች የሠሩትን ቀዳዳ እንደያዙ አይቀሩም። የመራቢያ ጊዜያቸው አልፎ ሲለቁት የኪራይ ቤት ሰልፍ ይጀምራል። ረዥም ጭራው ስታርሊንግ አለ። ክንፉ ላይ ነጭ ያለበት ጥቁሩ ቲት አለ። በቀን የምትጮኸው ትንሿ ጉጉት አለች፤ ማጅራቷ ላይ ዓይን የሚመስሉ ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች ስላሏት ከኋላ የሚመጣባት የምታየው ይመስለዋል። ዉድሁፑ አለ፤ ረዥም፣ ጥምዝ መንቁር ያለው፣ በቤተሰብ ሆኖ እየተንጫጫ ከዛፍ ዛፍ የሚዘዋወር። ማታ ተያይዞ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ጫጩቶቹ ጠላት እጁን ሲያስገባ የሚገማ ፈሳሽ ይረጫሉ።

አረንጓዴዋን ትንሽ በቀቀንም እዚሁ ታገኟታላችሁ። አስጎብኚዎች ላቭበርድ ይሏታል። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፣ ሴቷ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ናት። ይህችም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናት። እንቁላል ለመጣል ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ለማደሪያም ቀዳዳ ትፈልጋለች። አመሻሽ ላይ በቡድን እየጮኹ ሲመጡ ወዴት እንደሚገቡ ተከተሏቸው። አንድ አሮጌ ግንድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ከሁሉም ግን ልቤን የወሰደው ሆርንቢል የሚባለው ወፍ ነው። ቀይ መንቁር ያለው ዓይነት በዚህ አካባቢ የተለመደ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ጋር ግራር ሥር ተቀምጠን ወንዱን ስንከታተል ነበር። ፌንጣ በመንቁሩ ጫፍ ይዞ መጣ። ግንዱ ላይ ተለጥፎ ቆመ። ግንዱ ላይ ቀዳዳ አለ ብትሉኝ አላይም ነበር፤ በጭቃ ተደፍኗል። ጣት የማታስገባ ስንጥቅ ብቻ ቀርታለች። በዚያች ስንጥቅ የሌላ መንቁር ጫፍ ወጣ። ፌንጣውን ተቀበለ። ወንዱ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

ውስጥ ያለችው እናትየዋ ናት። እንቁላል ለመጣል ስትገባ መግቢያውን በጭቃና በራሷ ኩስ ትደፍነዋለች። እባብና ሌላ አዳኝ እንዳይገባ ነው። እዚያ ውስጥ ሆና የክንፏን ላባ ታራግፋለች፣ አዲስ ታበቅላለች። እስከዚያው መብረር አትችልም። እሷም ጫጩቶቹም የሚበሉት ያ ወንድ የሚያመጣውን ብቻ ነው። ጫጩቶቹ ጠንከር ሲሉ ሰብራ ትወጣለች። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ነው። ጫጩቶቹ ራሳቸው ከውስጥ ሆነው መልሰው ይደፍኑታል። ማንም ያስተማራቸው የለም።

«ጋሼ፣ ወንዱ ቢሞትስ?» አልኳቸው ስካውቱን።

«እንግዲህ ሰብራ መውጣት ነው» አሉኝ። «ግን ላባ የላት፣ የት ትደርሳለች ብለሽ ነው?» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ዛፉ ቢቆረጥስ ብለሽ አትጠይቂኝም? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው» አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው ነገሩ በዚህ መልክ የገባኝ። ሆርንቢል ቀዳዳ መፈልፈል አይችልም። ተፈጥሮ የሠራውን ወይም ሌላ ወፍ የተወውን ነው የሚጠብቀው። እናትየዋ ተዘግታባት ሳለ ዛፉ ከወደቀ አንድ ቤተሰብ በአንድ መጥረቢያ ያልቃል።

እርኩምን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ከርቀት ሰው የሚመስል፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ትልቅ ጥቁር ወፍ ነው። ሲበር ብቻ ነው የክንፉ ጫፍ ነጭ እንደሆነ የሚታየው። የወንዱ ጉሮሮ ቀይና ሰማያዊ፣ የሴቷ ሰማያዊ ነው። ሊነጋጋ ሲል ከሩቅ የሚሰማ የሚያስገመግም ድምፅ አለው። እባብ ይበላል፣ ኤሊ ይበላል፣ ፌንጣ ይበላል። የሆርንቢል ዘመድ ቢሆንም መግቢያውን አይደፍንም። የሚፈልገው ቀዳዳ ግን ሰፊ ነው፤ እሱን የሚያህል ወፍ ገብቶ የሚቀመጥበት ያረጀ፣ ልቡ የተቦረቦረ ግንድ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ጥሎ የሚያሳድገው አንድ ጫጩት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አንዴ ከቀነሰ ቶሎ አያንሰራራም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚላቸው ዝርያዎች ውስጥ አስገብቶታል። የሚያስገባው ወፍራም ግንድ ደግሞ በመጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው፣ ብዙ ጆንያ ከሰል የሚወጣው ግንድ ነው።

ንብም የዚሁ ግንድ ተከራካሪ ናት። የዱር ንብ የተቦረቦረ ዛፍ ትወዳለች። ንብ ባለችበት ማር መሪ አለ። ማር መሪ ሰው ሲያይ እየጮኸ ከፊት ከፊት እየበረረ ወደ ንቡ ይወስዳል፤ ሰው ማሩን ቆርጦ ሲሄድ እሱ ሰሙንና እጩን ይበላል። ይህ ተረት አይደለም። በሰሜን ኬንያ ከቦረና ማር ፈላጊዎች ጋር የተሠራና በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በማያውቁት አገር ያለ ወፉ ንብ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ ከወፉ ጋር ግን 3.2 ሰዓት ብቻ ነበር። ማር መሪ መልካም ጎረቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የራሱን ጎጆ አይሠራም። ባርቤትና ግንደ ቆርቁር በፈለፈሉት ቀዳዳ ውስጥ እንቁላሉን ጥሎ ይሄዳል። የሚፈለፈለው ጫጩት መንቁሩ ጫፍ ላይ ሹል መንጠቆ ይዞ ነው የሚወለደው፤ የባለቤቶቹን ልጆች በዚያ ይገድላል። ይጨክናል። ግን የዚህም የዚያም ሕይወት መነሻ ያው ቀዳዳ ነው።

የሚከብደኝን ልንገራችሁ። «እኛ የምንወስደው ደረቁን ብቻ ነው» የሚል ንግግር አለ። ማገዶ ለቃሚም ይለዋል፣ ከሰል የሚያከስልም ይለዋል፣ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚያወሩ ሰዎችም ሲሉት ሰምቻለሁ። ቅንነት አለበት። ለምለሙን አልነካሁም ማለት ነው። እኔ ግን በዚህ ፓርክ ተገልብጦ ይታየኛል። ለምለሙ ግራር ሲቆረጥ ከጉቶው ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ቆሞ የደረቀው ግን አይተካም። መጀመሪያ ዛፍ ማደግ አለበት። ከዚያ ማርጀት አለበት። መሰበር አለበት፣ መለዘብ አለበት፣ ፈልፋዩም መምጣት አለበት። ይህ የሰው ዕድሜ የሚያህል ጊዜ ይፈጃል። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፣ ደግፌዋለሁ። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ግን ለዘንድሮዋ ሆርንቢል ምንም አያደርግላትም።

በፓርኩ ውስጥ ሰው ይኖራል። ያርሳል፣ ከብት ያግዳል። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ጥበቃው ላላ፣ ሰፈራውም ከሰሉም በዛ። ከዚያ በኋላ ግራሩ እየሳሳ ሄደ። ለዚህ የአካባቢውን ሰው መውቀስ አልፈልግም። ዝናብ ሲዘገይ እህል መግዣ የሚሆነው ያ ጆንያ ነው። የልጅ ደብተር መግዣውም እሱ ነው። ጆንያው ደግሞ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ከከተማ የሚመጣውን መኪና ነው። አዲስ አበባ ቡናዋን የምታፈላው በከሰል ነው። እኔም በዚያው ከሰል የፈላ ቡና እጠጣለሁ። ስለዚህ ጉዳዩ የፓርኩ ጠባቂና የአንድ ገበሬ ጠብ ብቻ አይደለም፤ የእኛ የገዢዎቹ ጉዳይ ነው። በከተማ ርካሽና አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ምድጃ መኖሩ ለእርኩም ቀጥተኛ ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ።

ፍየሎቹም አሉ። የግራርን ፍሬ ይበላሉ፤ በሆዳቸው ያለፈው ዘር ከወደቀው የተሻለ ይበቅላል። የነቀዝ ጉዳቱም ይቀንስለታል። ይህ ጥሩ ነው። ክፋቱ የበቀለውን ለጋ ችግኝ መልሰው የሚበሉትም እነሱ መሆናቸው ነው። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ በታጠረው ክልል ውስጥና ከአጥሩ ውጪ ያለውን ልዩነት ማንም ያየዋል። ውስጥ ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ወጣት ግራር አለ። ውጪ አሮጌ ዛፍ ተራርቆ ቆሟል፣ ከሥሩ ባዶ መሬት ነው። አሮጌው ሲያልቅ ተተኪ የለውም። ማጠር ብቻውን መልስ አይሆንም፣ ሰው ከብቱን ወዴት ይውሰድ? ግን ጥቂት ቦታዎችን ከነዋሪው ጋር ተስማምቶ በየተራ ማሳረፍ ይቻላል ብዬ አስባለሁ። መሬቱ ለመመለስ ዝግጁ እንደሆነ አጥሩ ውስጥ ያለው ግራር ምስክር ነው።

ወደ ሐይቁም ለአፍታ ልመለስ፣ ነገሩ አንድ ስለሆነ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው። ዓሣ ግን እምብዛም የለውም። ፔሊካኖቹ እንቁላላቸውን በሻላ ደሴት ላይ ይጥሉና ለዓሣ በመካከሉ ያለውን ኮረብታ ተሻግረው ወደ አብያታ ይበሩ ነበር። መኝታቸው አንድ ሐይቅ፣ ምግባቸው ሌላ ሐይቅ። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣው ውሃ ለመስኖ ተጠለፈ። ሶዳ አሽ ለሚባለው የኢንዱስትሪ ጨው ምርትም ከአብያታ ውሃ ይሳብ ነበር። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ። ደሴቱ እስከዛሬ እዚያው አለ። ማንም አልነካውም። ፔሊካኖቹ ግን ጥለውት ሄዱ። ግራሩ ጋ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ፌንጣው አለ፣ ሜዳው አለ፣ ማደሪያው ነው የሚጠፋው።

በደቡብ አፍሪካ ለእርኩም የቅርብ ዘመድ ሰው ሠራሽ ጎጆ ዛፍ ላይ ሰቅለው ወፎቹ ገብተው ተራብተውበታል። እዚህም ቢሞከር ደስ ይለኛል። ለአንድ ዝርያ ጊዜ ይገዛል። ንቧን፣ ባርቤቱን፣ ቲቱን፣ ምስጡን ለሚያኖር ዛፍ ግን ምትክ አይሆንም። ከዚያ በፊት የሚቀድም ቀላል ነገር አለ። ፓርኩ ውስጥ ቆመው የደረቁ ወፋፍራም ግራሮች ይቆጠሩ፣ ምልክት ይደረግባቸው፣ ለነዋሪውም ለምን እንደማይቆረጡ በቋንቋው ይነገረው። ዛፉን ከሩቅ የሚያውቁት ስካውቶች አሉ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ እንግዶችም ስለሚጨመሩ ወፉ ይበዛል። ሆርንቢሎቹን ጎጆ ላይ ማግኘት የሚሻ ግን የዝናቡን ጊዜ ይምረጥ፣ ያኔ ፌንጣው ስለሚበዛ ነው የሚራቡት። ማልዳችሁ ግቡ። ፀሐዩ ከበረታ ወፉ ጥላ ይይዛል። ከመኪና ወርዳችሁ በእግር ሂዱ፣ ይቻላል። ደረቅ ግንድ ስታዩ ሥሩን ተመልከቱ። ትኩስ የእንጨት ፍርፋሪ ካለ ፈልፋይ አለ። ከቀዳዳው በታች ነጭ የኩስ መስመር ካለ ነዋሪ አለ። የቀዳዳው አፍ ዳር ዳሩ ከለሰለሰ ብዙ ጊዜ ተገብቶበታል። ግንዱን አትምቱ፣ በስልክ የወፍ ድምፅ አታጫውቱ፣ በተለይ ወንዱ ምግብ በሚያመላልስበት ሰዓት። ካያችሁ በኋላ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ እሱ ሥራውን ይቀጥላል።

ስካውት ሳትይዙ አትሂዱ። የትኛው ዛፍ ላይ ዘንድሮ ማን እንደገባ ያውቃሉ። አምና የነበረውንና ዛሬ ጉቶው ብቻ የቀረውንም ብትጠይቋቸው ያሳዩአችኋል።